አንድ ወፍራም ራዲያተር ወይስ ሁለት ቀጭን? ፓምፑስ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። አርክቴክት ነኝ። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው። ኮምፒውተሬ ራይዘን 9 7950ኤክስ ፕሮሰሰርና አርቲኤክስ 4090 የግራፊክስ ካርድ አለው። ማታ ሬንደር ላይ (ንድፎቼን ወደ ምስል እንዲቀይር) ጥጄው እተኛለሁ፤ እስከ ንጋት ይሠራል። ችግሩ የፋኑ ጩኸት ነው፤ ሕፃን ልጄን ይቀሰቅሳታል። ስለዚህ ወደ ውሃ ማቀዝቀዣ ልቀይረው ወስኛለሁ። ኬዙ ከፊት ለፊትም ከአናቱም 360 ራዲያተር ይይዛል። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ስለሚመጣ ዕቃውን እሱ ያመጣልኛል። አንድ ባለ 60 ሚሊ ሜትር ወፍራም 360 ራዲያተር ይበቃኛል? ፓምፑስ? አንድ ሰው ‹ውሃው በኃይል መሮጥ አለበት፣ ሁለት ፓምፕ ግዢ› ብሎኛል።»

እህቴ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሁለት ቀጭን 360 ራዲያተር ግዢ። ፓምፕ ዲ5 ከሚባለው ዓይነት አንድ ይበቃሻል፤ እሱንም በሙሉ ኃይሉ አታሠሪውም። ለሁለተኛው ፓምፕ ያሰብሽው ገንዘብ ለጥሩ ፋን ይዋል። ምክንያቱን ደግሞ ዘርዘር አድርጌ እነግርሻለሁ። ወንድምሽ ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ያልሽው የለም፣ ይሄኛውስ ይሆናል?» ብሎ ሲደውል ራስሽ መወሰን አለብሽ።

መጀመሪያ ዋቱን እንቁጠር። ፕሮሰሰርሽ ሙሉ ሥራ ሲበዛበት እስከ 230 ዋት ይስባል። ካርድሽ እስከ 450 ዋት። ሲደመር 680 ነው። የሚስቡት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሬንደር ላይ ግን ሁለቱ አብረው ጣሪያ የሚነኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በካርዱ የምትሠሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሌሊቱን ብዙም አይደክምም። ስለዚህ የፓምፑን ሙቀት ጨምረን 600 ዋት ብለን እንነሳ። ይህ ማለት ግማሽ ላይ የተለኮሰች ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ክፍልሽ ውስጥ በርታ አደረች ማለት ነው። ውሃ ይህን ሙቀት አያጠፋውም። ከቺፑ አንስቶ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል፣ ራዲያተሩ ለክፍሉ አየር ይሰጠዋል። ክፍሉ ያው ይሞቃል፤ መስኮት መክፈት አይቀርልሽም።

ታዲያ ራዲያተር ስንመርጥ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ውሃው ከክፍሉ አየር በስንት ዲግሪ ይበልጣል? ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ለመነሻ የሚይዙት ግምት አለ። አንድ የ120 ሚሊ ሜትር ፋን የሚያክል ራዲያተር፣ ፋኑ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ፣ ውሃው ከአየሩ በ10 ዲግሪ ሲበልጥ ወደ 100 ዋት ያስወጣል። ግምት ነው፣ ግን ብዙ አያሳስትም። 360 የሦስት ፋን ስፋት ነው። አንድ ብቻ ከገዛሽ 600 ዋቱ ለሦስት ይካፈላል፤ ውሃው ከክፍሉ በ20 ዲግሪ ይበልጣል። ሁለት ከገዛሽ በ10 ዲግሪ።

እዚህ ላይ ሌሎች አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች የማይነግሩሽ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየራችን ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር የሚገፋው የአየር መጠን አይለወጥም፣ የአየሩ ክብደት ግን በሩብ ይቀንሳል። ሙቀት የሚሸከመው ክብደቱ ነው። ስለዚህ ዱባይ ላይ 10 ዲግሪ የሚያሳየው ራዲያተር እኛ ጋ እስከ 13 ይደርሳል፤ 20 የሚያሳየው እስከ 27። ደግነቱ ማታችን ቀዝቃዛ ነው። ክፍልሽ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ በሁለት ራዲያተር ውሃው 33 አካባቢ ይቆማል። በኤሲ 24 ዲግሪ የተደረገ የዱባይ ክፍል ውስጥም 34 ነበር የሚሆነው። የከፍታችንን ዕዳ አየር ንብረታችን ይከፍልልናል ማለት ነው። በአንድ ራዲያተር ግን 47 ይደርሳል። የፓምፕና የፊቲንግ (የቱቦ ማገናኛ) አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡት ገደብ 60 ዲግሪ ስለሆነ ዕቃው አይበላሽም። ቺፑ ግን ከውሃው በላይ ብዙ ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ፋኖቹ እሱን ለማውረድ እንደገና መጮህ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የተነሳሽበት ጉዳይ ከንቱ ቀረ።

የተነሳሽበት ጉዳይ ጸጥታ ነው፤ ይህን አትርሺው። ስለ ፋን ድምፅ ሁለት ቁጥር ብቻ ያዢልኝ። የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ብትቀንሺ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። የፋኖቹን ብዛት እጥፍ ብታደርጊ ግን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሯችን «ድምፁ በግማሽ ወረደ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ስድስት ፋን በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር፣ ሦስት ፋን 1,600 ዙር ከሚዞር በጣም ያነሰ ይሰማል። ሰው «ስድስት ፋን? ቤቱ ሊበር ነው እንዴ!» ይልሻል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በ800 ዙር ውሃሽ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋ ይሆናል፤ እዚያ ላይ መቆየቱ ምንም አይጎዳም። ልጅሽ ግን ትተኛለች።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። 60 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ከ30ው እጥፍ ይሠራል ብለሽ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። የታጠበ ብርድ ልብስ አስቢ። አጥፈሽ ብትሰቅዪው ውስጡ እንደረጠበ ይውላል፤ ዘርግተሽ ስትሰቅዪው ግን ቶሎ ይደርቃል። ራዲያተርም እንደዚያ ነው። አየሩ የመጀመሪያዎቹን ሴንቲ ሜትሮች ሲያልፍ ይሞቃል፤ የኋለኛው ክፍል የሚያገኘው የሞቀ አየር ነው። በተለይ ፋኑ ቀስ ብሎ ሲዞር ከወፍራሙ የምታገኚው ትርፍ ትንሽ ነው። ወፍራም ራዲያተር የሚክሰው ፋኑ በኃይል ሲነፍስበት ነው፣ ወይም ከፊትም ከኋላም ፋን ሲገጠምለት። አንቺ ደግሞ የምትሸሺው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ስፋትን ቁጠሪ። 240 ራዲያተር 288 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፊት አለው። 280 ደግሞ 392፣ 360ው 432፣ 420ው 588። 280ው ባለ ሁለት ፋን ሆኖ ለ360 ምን ያህል እንደሚቀርብ አየሽ? ወንድምሽ ሁለተኛውን 360 ካጣ፣ ኬዙም የ140 ፋን ቀዳዳ ካለው፣ 280 ቢያመጣ አትቆጪ። የኬዙ መመሪያ ከፊት ለፊት 420 ይገባል የሚል ከሆነ ግን ከ360ው ይልቅ እሱን ውሰጂ። ከኬዝ ውጭ የሚቀመጡ ትልልቅ ራዲያተሮችም አሉ፤ ዋተርኩል የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ሞ-ራ ዘጠኝ ፋን ይይዛል። በጸጥታ የሚተካከለው ብዙ የለም። ሕፃን በምትድህበት ቤት ግን ወለል ላይ የተቀመጠ ራዲያተርና ሁለት ቱቦ አልመክርሽም።

ራዲያተር ውስጥ ያሉት ስስ ቅጠሎች ምን ያህል ተቀራርበዋል የሚለውም ይታያል። ሻጮች በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ቅጠል እንዳለ ይጽፋሉ። ከ10 እስከ 16 ያለው ለዝግተኛ ፋን ነው። ከ20 በላይ ያለው ጠንካራ ንፋስ ይፈልጋል። አንቺ ሳሳ ያለውን ያዢ። አቧራውም ሌላ ምክንያት ነው። በበጋ ወራት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አቧራ እንዴት እንደሚገባ ታውቂዋለሽ፤ ጥቅጥቅ ያለ ራዲያተር በሁለት ወር ብርድ ልብስ ይለብሳል። ሳሳ ካለው ላይ አቧራውን በብሩሽ ታወርጂዋለሽ።

ከማዘዝሽ በፊት ሜትር አንሺና ለኪ። 30 ሚሊ ሜትር ራዲያተርና 25 ሚሊ ሜትር ፋን ሲደራረቡ 55 ይሆናሉ። አናቱ ላይ ከማዘርቦርዱ ጠርዝና ከራሙ ጋር እንዳይጋጩ እይ። 360 ራዲያተር በቁመቱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ውሃ የሚጠራቀምበት ክፍል ስላለ ከሦስቱ ፋን ይረዝማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ስለ ብረቱ አንድ ነገር በአጽንኦት ልንገርሽ፣ እኔ ዋጋ የከፈልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቪዲዮ አርታኢ የሠራሁት ማሽን ነበር። ራዲያተሩን ሻጩ መዳብ ነው አለኝ፣ አመንኩት። ስምንት ወር ሳይሞላው ውሃው ደፈረሰ። ፈትቼ ሳየው የፕሮሰሰሩ ብሎክ (ቺፑ ላይ የሚገጠመውና ውሃው የሚያልፍበት መዳብ) ስስ መስመሮች በነጭ ዝቃጭ ተደፍነዋል። ራዲያተሩ ጥቁር የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፤ አሉሚኒየሙ ይበላል። ሰውየው የሦስት ቀን ሥራ ተስተጓጎለበት፣ እኔም ብሎኩን ከኪሴ ተካሁ። ስለዚህ ወንድምሽ ካርቶኑን ያንብብ። ቅጠሉ መዳብ፣ ቱቦውና ጫፎቹ መዳብ ወይም ናስ ይሁን። አሉሚኒየም የሚል ከተጻፈበት፣ የፈለገ ርካሽ ቢሆን ይመልሰው። ካርቶኑ ዝም ካለ አምራቹ ያወጣውን ዝርዝር ይይ። የፊሊፒንሱ ሃርድዌር ላብስና የጀርመኑ አልፋኩል በዚህ በኩል የታወቁ ናቸው።

ፓምፑ ጋ ደረስን። እኛ አገር ፓምፕ ሲባል ትዝ የሚለን ውሃ ጣሪያ ላይ ወዳለ ሮቶ የሚገፋው ነው። «ስንት ሜትር ይገፋል?» ብለን ነው የምንገዛው። ስለዚህ ሰው የኮምፒውተር ፓምፕ ላይ «4 ሜትር» የሚል ሲያይ ከኬዙ ቁመት ጋር ያነጻጽረዋል። እዚህ ግን ቁመት ዋጋ የለውም። ዙሩ የተዘጋ ነው። በአንድ በኩል የሚወጣውን ውሃ በሌላ በኩል የሚወርደው ይስበዋል፤ ሁለቱ ይካካሳሉ። ፓምፑ የሚታገለው ከመተሻሸቱ ጋር ብቻ ነው። መተሻሸቱ የሚበዛው ደግሞ ብሎኮቹ ውስጥ ነው፤ ውሃው እንደ ፀጉር በቀጠኑ መስመሮች ያልፋል። ራዲያተር ሰፋፊ መንገዶች ስላሉት ብዙም አያስቸግርም። ስለዚህ «ሁለተኛ ራዲያተር ስጨምር ፓምፑ ይደክማል» ብለሽ አትስጊ።

ውሃው በኃይል መሮጥ አለበት ያለሽን ሰው በቁጥር እንመልስለት። 600 ዋት ይዞ የሚዞር ውሃ በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ቢፈስ፣ ወደ ብሎኮቹ ሲገባና ሲወጣ ያለው ልዩነት 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። 2 ሊትር ሲሆን ወደ 4 ይወርዳል። 4 ሊትር ሲሆን ወደ 2። 8 ሊትር ሲሆን ወደ 1። ከ4 ወደ 8 ሊትር ለማድረስ ፓምፑ አራት እጥፍ ያህል ግፊት መፍጠር አለበት፤ ትርፉ አንድ ዲግሪ ነው። በደቂቃ ከ2 እስከ 4 ሊትር መሃል ከሆንሽ ልክ ነሽ። ሌላ ወሬም ትሰሚያለሽ። «ውሃው ቀስ ካለ ራዲያተሩ ውስጥ ቆይቶ በደንብ ይቀዘቅዛል» ይላሉ። ይህም ስህተት ነው። ራዲያተሩ ውስጥ የቆየ ውሃ ብሎኩም ውስጥ እኩል ይቆያል፣ እዚያ ደግሞ ይሞቃል። ዕቃዎቹ በምን ቅደም ተከተል ይገናኙ የሚለውም ለሙቀቱ ብዙ ለውጥ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አይታለፍም። የውሃው ታንክ ከፓምፑ በፊት፣ ከፓምፑም ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ፓምፕ ታያለሽ፣ ዲ5 እና ዲዲሲ። ሁለቱም ላይንግ ከተባለ የጀርመን ፓምፕ ሠሪ ቤት የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ዛይለም በተባለ ኩባንያ ሥር ነው። ዲ5 መጀመሪያ ለኮምፒውተር የታሰበ አይደለም፤ ሙቅ ውሃ ሲያዞር የኖረ ፓምፕ ነው። የሚሽከረከረው አካሉ በአንዲት የሴራሚክ ኳስ ላይ ነው የሚቆመው፤ ዕድሜውም ጸጥታውም ከዚያ ይመጣል። ከፍተኛ ግፊቱ ወደ 4 ሜትር፣ የሚስበው ቢበዛ 23 ዋት ያህል ነው። ዲዲሲ ትንሽና ጉልበተኛ ነው፤ ጠንካራው ሞዴል ከ5 ሜትር በላይ ይገፋል። ነገር ግን ይሞቃል፣ ለራሱ አየር ይፈልጋል፣ ድምፁም ቀጠን ብሎ ይሰማል። በጣም ጠባብ ኬዝ ቢሆን ኖሮ ዲዲሲ እልሽ ነበር። የአንቺ ጉዳይ ዲ5 ነው። ከታንኩ ጋር አንድ ላይ የተገጠመውን ግዢ፤ ፍጥነቱ ከማዘርቦርድ የሚስተካከለውን፣ ፒደብሊውኤም የሚባለውን። ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ተዪው። ከሥሩ ለስላሳ ጎማ አንጥፊለት፤ ፓምፕ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ኬዙን ሲያንቀጠቅጥ ነው።

የሁለት ፓምፕ እውነተኛ ጥቅሙ አንዱ ቢሞት ሌላው ማዞሩን እንዲቀጥል ነው። ይህ ለሰርቨር ይሆናል። አንቺ የፓምፑን የዙር ሽቦ (ፍጥነቱን የሚናገረውን) ማዘርቦርዱ ላይ የፕሮሰሰር ፋን የሚሰካበት ቦታ ስኪው። ፓምፑ ሳይዞር ማሽኑ ሊነሳ ሲል ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል። ኃይሉን ግን ከፓወር ሰፕላዩ፣ በሳታ ሽቦ ይውሰድ፤ የፋን መሰኪያ ያን ያህል መሸከም የለበትም። መብራት ቢጠፋስ ብለሽ አትጨነቂ። ፓምፑም ቺፑም አብረው ይቆማሉ፣ ውስጥ ያለው ውሃ የቀረውን ሙቀት ይውጠዋል።

እዚህ የማይገኝ ነገር አንድ ቢጎድል ሥራው ሌላ መንገደኛ እስኪመጣ ይቆማል። ስለዚህ ትርፍ አድርገሽ እዘዢ። ሁለት ብሎክ፣ ሁለት ራዲያተር፣ አንድ ፓምፕ አሥር ፊቲንግ ይፈልጋሉ፤ 14 ይግዛ። ሁሉም ጂ 1/4 የሚባለው የጥርስ ልክ ይሁን። ቱቦው ጥቁር የኢፒዲኤም ጎማ፣ ውስጡ 10 ውጭው 16 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ሜትር። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ያምራል፣ ግን ማለስለሻው ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይወጣና ብሎክ ይደፍናል። ትርፍ የጎማ ቀለበት፣ ውሃ ማውረጃ ቫልቭ፣ የውሃ ሙቀት መለኪያ ሴንሰር፣ ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን የሚያስነሳ መሰኪያ፣ በአየር ግፊት ፍሳሽ የሚፈትሽ ትንሽ ፓምፕ። ፋኖቹ ስድስቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አርክቲክ ፒ12 ዋጋው ቀላል ነው፣ ኖክቱዋ ኤንኤፍ-ኤ12ኤክስ25 ውድ ነው፤ ሁለቱም ለራዲያተር የተመቹ ናቸው። የካርዱ ብሎክ ለካርድሽ ሞዴል የተሠራው ራሱ መሆን አለበት። «4090» ማለት አይበቃም።

ውሃውን ከዱባይ አታስጭኚ። የሚቀላቀለውን የዝገትና የአልጌ መከላከያ ብቻ ያምጣ፤ ዲስቲልድ ውሃ እዚህ ታገኛለሽ። የባትሪ ውሃ ብለው ሲሸጡልሽ ጽሑፉን አንብቢ፤ አሲድ የተጨመረበት እንዳይሆን። የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድን አለው። የመኪና ኩላንትም ተዪው፤ አብዛኛው መርዛማ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለች። ወተት የመሰለ ቀለም ያላቸው ፈሳሾች ለፎቶ ያምራሉ፣ ከወራት በኋላ ይዘቅጣሉ። ንጹህ እንደ ውሃ የሚያሳየውን ያዢ።

ራዲያተሮቹን ሳታጥቢ አትግጠሚ። ውስጣቸው የብየዳ ቅሪት አለ። በሞቀ ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ ሙዪና በደንብ አናውጪው፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ድገሚው። የፊት ለፊቱን ራዲያተር የቱቦ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ ብትገጥሚው አየር አይታገትበትም። ከገጠምሽ በኋላ ውሃ ሳትሞዪ በፊት በአየር ግማሽ ባር ድረስ ሙዪና ግማሽ ሰዓት ተዪው። መርፌው ካልወረደ ፍሳሽ የለም። ከዚያ ታንኩን ሙዪ፣ ፓምፑን ብቻ ለጥቂት ሴኮንድ አስነሺ፣ አጥፊ፣ እንደገና ሙዪ። ዲ5 የሚለሰልሰው በራሱ ውሃ ነው፤ ደረቅ ሲዞር ይሞታል።

ሲያልቅ የፋኖቹን ፍጥነት በፕሮሰሰሩ ሙቀት አታስተካክዪ፤ እሱ በሴኮንድ ይወጣል ይወርዳል፣ ፋኑም አብሮት ያለቅሳል። በውሃው ሴንሰር አስተካክዪው። ማዘርቦርድሽ የሴንሰር መሰኪያ ከሌለው ለብቻው የሚሸጥ መቆጣጠሪያ ያስፈልግሻል፤ ይህን አሁኑኑ እይ። ውሃው እስከ 35 ዲግሪ 700 ዙር፣ 42 ሲደርስ 1,100 ዙር ብለሽ ጀምሪ። ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ፋኑ ድንገት አይነሳም፤ ሕፃን የሚቀሰቅሰው ደግሞ ድንገተኛው ለውጥ ነው። የድሮዎቹን ማቀዝቀዣዎች ከነብሎናቸው በካርቶን አስቀምጪያቸው። ፓምፑ አንድ ቀን ቢያስቸግር፣ ምትክ እስኪመጣ ሥራሽ አይቆምም።

ወንድምሽ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ላኪልኝ። የካርድሽን ሙሉ ስም ከነሞዴል ቁጥሩ፣ የማዘርቦርድሽን ስም፣ ከኬዙ ጣሪያ እስከ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ያለውን ልኬት በሚሊ ሜትር። አይቼ ዝርዝሩን አስተካክልልሻለሁ።